የአሮጌ መኪና ግዢ የታክስ ግምትን ስለመቃወም፦ በሐረር ከተማ ለሚገኙ ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ያገለገለ መኪና ገዝቶ ስሙን ወደ ራሱ የሚያዛውር ሰው፣ በውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋና ገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያወጣው ግምት ተለያይተው ሊያገኛቸው ይችላል። ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰፋው መኪናው ረጅም ዘመን ያገለገለ፣ ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ዐሥርተ ዓመታት ያለፉትና በገበያ አቻው በቀላሉ የማይገኝ ሲሆን ነው። ይህ ጽሑፍ ግምቱ ትክክል አይደለም ብሎ የሚያምን ገዢ መብቱን በሕጉ መሠረት እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልገውና የትኞቹን የጊዜ ገደቦች ማክበር እንዳለበት ይገልጻል።

ባለጉዳዩ ከሁሉ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በታክስ ክርክር ግምቱ ስሕተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የተጣለው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። ስለዚህ የክርክሩ ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው በግዢው ዕለት በተዘጋጁት ሰነዶችና በጊዜ ገደቡ መከበር ነው። ዋጋው ከሕሊና አንጻር ፍትሐዊ አይደለም ማለት ብቻውን ግምትን አያስለውጥም።

የሐረር አሮጌ መኪኖችና የዋጋ ጥያቄ

ሐረር በግንብ በታጠረችው የጁገል ከተማ ትታወቃለች። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከፈረስ መጋላ እስከ ሸዋ በርና ከዚያም ወዲያ ባለው የከተማዋ ክፍል ለረጅም ዘመን በታክሲነት ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያላቸው ፔጆ 404 መኪኖችም ከከተማዋ መለያዎች መካከል ይቆጠራሉ።

ፔጆ 404 በፈረንሳይ የተመረተው ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ነው። የተለመደው የቤንዚን ሞተሩ 1618 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይዘት ነበረው። ዛሬ በሐረር መንገድ ላይ የሚታየው መኪና ግን ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ አይደለም። ሞተሩ የተለወጠ፣ አካሉ በተደጋጋሚ የተበየደና የተለበጠ፣ መለዋወጫው በአገር ውስጥ ወርክሾፕ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት የምርት ዘመን ያላቸው ሁለት መኪኖች የገበያ ዋጋቸው እጅግ ሊራራቅ ይችላል። አንዱ በየቀኑ ሥራ ላይ የሚውል ሲሆን ሌላው ለመለዋወጫ ብቻ የሚፈለግ ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ በጥንቃቄ የተጠበቀ በመሆኑ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚገዙት ሊሆን ይችላል።

ገማቹ ባለሙያ መኪናውን በአካል ሳያይ በዓይነቱና በዘመኑ ብቻ ከተመራ፣ ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ በላይ ወይም በታች ሊሆን ይችላል። የቅሬታ መብት የተሰጠውም እንዲህ ያለው ልዩነት በማስረጃ እንዲስተካከል ነው።

ግምቱ ለየትኛው ክፍያ መሠረት እንደሚሆን

በአገር ውስጥ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ መኪና በገዢው ስም ሲመዘገብ የቴምብር ቀረጥ ይከፈልበታል። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 መሠረት የንብረት ባለቤትነት ማስመዝገቢያ ሰነድ የሚከፈልበት ቀረጥ የንብረቱን ዋጋ 2 በመቶ ነው። አዋጁ ለአሮጌ ወይም ለታሪካዊ መኪና የተለየ መጣኔ አላስቀመጠም። ስለዚህ አከራካሪ የሚሆነው መጣኔው ሳይሆን መጣኔው የሚሰላበት ዋጋ ነው።

ከቴምብር ቀረጡ ሌላ በስም ዝውውር ጊዜ የሚጠየቁ የአገልግሎት ክፍያዎች አሉ። እነዚህ በመኪናው ዋጋ ላይ ተመሥርተው የማይሰሉ ከሆነ በግምት ላይ የሚቀርብ ቅሬታ አይመለከታቸውም። ባለጉዳዩ የክፍያ ማዘዣው ላይ እያንዳንዱ ክፍያ በምን ስም እንደተጻፈና በምን እንደተሰላ ለይቶ ማየት ይኖርበታል።

የሐረሪ ክልል እንደሌሎቹ የፌዴራሉ አባል ክልሎች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 መሠረት ለክልል በተወሰነው የገቢ ምንጭ ላይ ግብርና ታክስ የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና መቶኛዎች የተወሰዱት ከፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነው። የግምት ውሳኔውን የሰጠው የክልሉ መሥሪያ ቤት ከሆነ ባለጉዳዩ ውሳኔው የተመሠረተበትን የክልሉን ሕግ ጠይቆ በዚያ ላይ የተቀመጠውን የጊዜ ገደብ ይከተላል። ጥርጣሬ ሲኖር አጭሩን ጊዜ መከተል ከጉዳት ይጠብቃል።

ግምቱና የውሉ ዋጋ የሚለያዩባቸው የተለመዱ ምክንያቶች

ቅሬታ ከመጻፍ በፊት ልዩነቱ ከምን እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። የሚከተሉት ነጥቦች በቅድሚያ ሊጣሩ ይገባል።

የምርት ዘመኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደተጻፈ፦ በባለቤትነት ደብተሩ (ሊብሬው) ላይ 1967 ተብሎ የተጻፈ ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ በኢትዮጵያ 1959 ወይም 1960 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ በአውሮፓውያን 1974 ወይም 1975 ይሆናል። ሁለቱም ፔጆ 404 ይመረትበት በነበረው ዘመን ውስጥ ስለሚወድቁ ስሕተቱ በቀላሉ አይታወቅም።

የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፦ ሞተሩ የተለወጠ ከሆነ በሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉ ይረጋገጣል። አለመመሳሰሉ የዋጋ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የምዝገባ ችግርም ስለሆነ ስም ዝውውሩን ሊያግድ ይችላል።

የአገልግሎት ዓይነት፦ ኮድ 1 የታክሲ፣ ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ተሽከርካሪን ያመለክታል። በታክሲነት ሲሠራ የቆየ መኪና እንደ ግል መኪና ከተገመተ ወይም ተቃራኒው ከሆነ፣ የንጽጽር መሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን ባለጉዳዩ ማሳየት ይችላል።

የመኪናው አካላዊ ሁኔታ፦ የማይንቀሳቀስ፣ የተጋጨ ወይም ዋና ዋና ክፍሎቹ የጎደሉ መኪና በሚሠራ መኪና ዋጋ ተገምቶ ሊሆን ይችላል።

የንጽጽር መኪናው፦ ግምቱ የወጣው ከሌላ ሞዴል ወይም በሌላ ከተማ ከተሸጠ መኪና ጋር በማነጻጸር ከሆነ፣ የቱ መኪና ለንጽጽር እንደተወሰደ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከግዢው በፊትና በግዢው ዕለት የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

ጠንካራ ማስረጃ የሚዘጋጀው ክርክር ከመነሣቱ በፊት ነው። ከግምት በኋላ የተጻፈ ሰነድ ለክርክሩ ሲባል የተዘጋጀ መስሎ ሊታይ ስለሚችል ክብደቱ ያንሳል። ገዢው የሚከተሉትን በግዢው ዕለት ወይም ከዚያ በፊት እንዲያሟላ ይመከራል።

1. የሽያጭ ውሉ ሰነድ ለማረጋገጥ ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይፈረም። በውሉ ላይ ከዋጋው ጋር የመኪናው ሁኔታ በዝርዝር ይጻፍ። «መኪናው ሞተሩ የማይሠራ፣ የግራ በሩ የተጋጨ፣ የፊት መስታወቱ የተሰነጠቀ ሆኖ በዚህ ዋጋ ተሸጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በኋላ ከብዙ ገጽ አቤቱታ ይበልጥ ይጠቅማል።

2. ክፍያው በባንክ ይፈጸም። በባንክ የተላለፈው ገንዘብ ከውሉ ዋጋ ጋር አንድ መሆኑ ዋጋው እውነተኛ ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

3. የመጨረሻው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ውጤት ከሻጩ ይወሰድ። ምርመራው የሚካሄደው በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በመሆኑ የመኪናውን ሁኔታ የሚያሳይ ገለልተኛ ሰነድ ነው።

4. መኪናው ከአራቱም ማዕዘን፣ ከውስጥ፣ ከሥርና ሞተሩ ተከፍቶ ፎቶግራፍ ይነሣ። የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ በግልጽ ይታዩ።

5. ፈቃድ ያለው ጋራዥ ጉድለቶቹንና የጥገናውን ወጪ ዘርዝሮ በማኅተም የተረጋገጠ ጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ።

6. መኪናው አደጋ ደርሶበት ከሆነ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የመድን ድርጅት የጉዳት ግምት ይያዝ።

በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ ከቅሬታ መብት ጋር የሚያያዝ አይደለም። ሐሰተኛ መግለጫ መስጠት በሕግ ያስጠይቃል። ከዚህም በላይ ውሉ በአንድ ምክንያት ቢፈርስ ገዢው ከጻፈው ዋጋ በላይ መክፈሉን ለማስረዳት ይቸገራል። በዚህ ጽሑፍ የተገለጸው ሥርዓት የተከፈለው ዋጋ በትክክል ለተጻፈበት ግዢ ብቻ ይጠቅማል።

የጽሑፍ ውሳኔ ስለመጠየቅ

በአገልግሎት መስኮት በቃል የተነገረ ግምት ለቅሬታ መነሻ ለመሆን አይበቃም። ባለጉዳዩ የግምት ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ጽሑፉ የተገመተውን ዋጋ፣ የተሰላውን ቀረጥ፣ የተመሠረተበትን ሕግና ውሳኔው የተሰጠበትን ቀን መያዙን ያረጋግጣል። ውሳኔው የደረሰበትን ቀን በራሱ ቅጂ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል፤ የቅሬታው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነውና።

ከዚህ ጋር ገማቹ መኪናውን በአካል አይቶት እንደሆነና ለንጽጽር የተጠቀመበት ዋጋ ከየት እንደተገኘ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚፈታው በዚህ ደረጃ ነው። የዘመን አቆጣጠር ስሕተት ወይም የኮድ መሳሳት በመዝገብ እርማት ሊስተካከል ስለሚችል ወደ መደበኛ ክርክር መሄድ አያስፈልግም። ሆኖም የእርማት ጥያቄ መቅረቡ የቅሬታውን ጊዜ ያቆማል ተብሎ መታሰብ የለበትም። እርማቱ እየተጠበቀም ቢሆን ቅሬታው በጊዜው ይቅረብ።

ቅሬታ ስለማቅረብ

በአዋጅ ቁጥር 983/2008 አንቀጽ 54 መሠረት በታክስ ውሳኔ ያልተስማማ ግብር ከፋይ ውሳኔው ከደረሰው ቀን ጀምሮ በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ለባለሥልጣኑ ያቀርባል። የቴምብር ቀረጥም አዋጁ ከሚመለከታቸው የታክስ ሕጎች አንዱ ነው።

ቅሬታው ተቀባይነት እንዲኖረው ሁለት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። አንደኛ፣ ቅሬታ አቅራቢው ውሳኔውን የሚቃወምበትን ምክንያት፣ ሊደረግ ይገባል የሚለውን ማስተካከያና ማስተካከያው የሚደረግበትን ምክንያት በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። «ግምቱ በዝቷል» ማለት አይበቃም፤ ትክክለኛው ዋጋ ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ መገለጽ አለበት። ሁለተኛ፣ ባለጉዳዩ የማይከራከርበትን የታክስ ክፍል አስቀድሞ መክፈል አለበት። የውሉን ዋጋ የሚያምን ገዢ በዚያ ዋጋ የሚሰላውን 2 በመቶ ከፍሎ ደረሰኙን ከቅሬታው ጋር ያያይዛል።

ከአገር ውጭ በመሆን፣ በሕመም ወይም በሌላ በቂ ምክንያት በ21 ቀናት ውስጥ ማቅረብ ያልቻለ ሰው የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚቀርበው የቅሬታው ጊዜ ከማለፉ በፊት ነው። ሊፈቀድ የሚችለውም ቢበዛ 10 ቀን ነው።

ቅሬታው የሚታየው ግምቱን ከወሰነው ክፍል በተለየ ቅሬታ አጣሪ የሥራ ክፍል ነው። በ180 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ባለጉዳዩ ዝም ብሎ መጠበቅ የለበትም። 180ው ቀን ካበቃ በኋላ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መውሰድ ይችላል። ይህ ጊዜ ሳይታወቅ ማለፉ ብዙ ጊዜ የሚታይ ጉዳት ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ አስልቶ መያዝ ይገባል።

ክብደት ያላቸውና የሌላቸው መከራከሪያዎች

ክብደት የሚሰጣቸው መከራከሪያዎች በዚህ መኪና ላይ ብቻ የሚያተኩሩና በሰነድ የተደገፉ ናቸው። የመኪናው ሁኔታ በምርመራ ውጤትና በጋራዥ ጽሑፍ መታየቱ፣ ክፍያው በባንክ መፈጸሙ፣ በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ተመሳሳይ ሁኔታ ያለው መኪና የተሸጠበት የተረጋገጠ ውል መቅረቡ፣ ገማቹ የተጠቀመበት ሞዴል ወይም ዘመን የተለየ መሆኑ መረጋገጡ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

ብቻቸውን ክብደት የማይሰጣቸው ደግሞ አሉ። መኪናው አሮጌ ነው ማለት አንዱ ነው። እርጅና ዋጋን ሊቀንስም ሊጨምርም ስለሚችል የተጠበቀ አሮጌ መኪና ከአዲሱ የበለጠ ሊያወጣ ይችላል። ጎረቤቴ ያነሰ ከፍሏል ማለት የጎረቤቱ ሰነድ ካልቀረበ ዋጋ የለውም። የመክፈል ዐቅም የለኝም ማለትም ክፍያን በጊዜ ከፋፍሎ ለመክፈል ለመጠየቅ ሊያገለግል ይችል እንደሆነ እንጂ ግምትን አይለውጥም።

ቅሬታ አቅራቢው ሊያስብበት የሚገባ ሌላ ነጥብም አለ። አጣሪው ክፍል መዝገቡን ሲመረምር ግምቱ መብዛት እንጂ ማነስ አልነበረበትም ብሎ ካመነ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወደ ወሰነው ክፍል ሊመልሰው ይችላል። በጥሩ ሁኔታ የተጠበቀ መኪና ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ማመዛዘን ይኖርበታል።

ይግባኝና የሚያስፈልገው ክፍያ

በቅሬታ አጣሪው ውሳኔ ያልተስማማ ባለጉዳይ ውሳኔው በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ያቀርባል። ይግባኙ እንዲመዘገብ አከራካሪ ከሆነው ታክስ 50 በመቶ መከፈል አለበት። በኮሚሽኑ ውሳኔ ያልተስማማ ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሊል ይችላል፤ ይግባኝ ባዩ ግብር ከፋዩ ከሆነ 75 በመቶ የከፈለ መሆን አለበት።

ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ይግባኝ በሕግ ጥያቄ ላይ ብቻ የተወሰነ ነው። የመኪናው ዋጋ ስንት ነው የሚለው የፍሬ ነገር ጥያቄ በመሆኑ የመጨረሻ ምላሽ የሚያገኘው በኮሚሽኑ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የዋጋ ማስረጃ ለቅሬታ አጣሪው፣ ቢዘገይ ለኮሚሽኑ መቅረብ አለበት። ለፍርድ ቤት ተብሎ የሚቆይ ማስረጃ ጥቅም ላይ ሳይውል ይቀራል።

የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አስተዳደራዊ በደልን የሚመለከቱ አቤቱታዎችን ይቀበላል። የጽሑፍ ውሳኔ ተከልክያለሁ ወይም ቅሬታዬን የሚቀበለኝ አጣሁ የሚል ባለጉዳይ ወደዚያ መሄድ ይችላል። ተቋሙ ግን የመኪናን ዋጋ በራሱ ግምት አይተካም፤ ወደ እርሱ መሄድም የይግባኝ ጊዜን አያስቆምም።

ለማስረጃ ያህል የቀረበ ስሌት

የሚከተሉት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። ገዢው መኪናውን በ450,000 ብር ገዝቶ መሥሪያ ቤቱ 800,000 ብር ገምቶታል እንበል።

በውሉ ዋጋ የሚሰላው ቀረጥ 2 በመቶ 9,000 ብር ነው። በግምቱ የሚሰላው 16,000 ብር ነው። አከራካሪው ታክስ የሁለቱ ልዩነት፣ ማለትም 7,000 ብር ይሆናል።

ቅሬታ ለማቅረብ የማያከራክረው 9,000 ብር ይከፈላል። ለኮሚሽኑ ይግባኝ ለማለት ከ7,000 ብር ውስጥ 50 በመቶ፣ 3,500 ብር ይከፈላል። ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ 75 በመቶ፣ 5,250 ብር መድረስ አለበት።

ከዚህ ስሌት እንደሚታየው አከራካሪው ገንዘብ ከግምቱ ልዩነት እጅግ ያንሳል። የ350,000 ብር የግምት ልዩነት ያመጣው የ7,000 ብር ክርክር ነው። ባለጉዳዩ ለመጓጓዣ፣ ለጽሕፈትና ለባለሙያ የሚያወጣውን ከዚህ ጋር አነጻጽሮ መወሰን ይችላል። ቅሬታ ማቅረብ ብዙ ወጪ ስለማይጠይቅ በአብዛኛው ይጠቅማል፤ ይግባኙ ግን ልዩነቱ ከፍ ያለ ሲሆን ብቻ ሊያዋጣ ይችላል።

ስም ዝውውሩን ማዘግየት የሚያስከትለው ጉዳት

አንዳንድ ገዢዎች በግምቱ ቅር ሲሰኙ ስም ዝውውሩን ትተው መኪናውን በሻጩ ውክልና ብቻ ሲያሽከረክሩ ይቆያሉ። ይህ ለሁለቱም ወገን አደገኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው፤ ስሙ በመዝገብ ያለው ሻጭ ባልነዳው መኪና ሊከሰስ ይችላል። ገዢውም በበኩሉ ስጋት አለበት። ሻጩ ባለዕዳ ከሆነ በስሙ የተመዘገበው መኪና በፍርድ ቤት ሊታገድ ይችላል። ሻጩ ከሞተ ውክልናው ቀሪ ስለሚሆን ገዢው ከወራሾች ጋር መከራከር ይኖርበታል።

ስለዚህ መኪናው በአስቸኳይ የሚያስፈልግ ከሆነ በግምቱ የተጠየቀውን በሙሉ ከፍሎ ስሙን ማዛወር፣ ቅሬታውን ግን በ21 ቀናት ውስጥ ማቅረብ ይቻላል። መክፈል ግምቱን መቀበል ማለት እንዳይሆን ባለጉዳዩ ክፍያውን የፈጸመው ቅሬታውን ሳይተው መሆኑን በጽሑፍ ይግለጽ። ቅሬታው ከተሳካ በብልጫ የተከፈለው ተመላሽ እንዲሆን ይጠይቃል። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ስለሆነ በአዲሱ ባለቤት ስም መተካቱ ይረጋገጥ።

ከውጭ አገር የመጣ መኪና

ከዚህ በላይ የተገለጸው በአገር ውስጥ ለተሸጠ መኪና ነው። ከውጭ አገር ለሚገባ መኪና የሚወጣው ግምት የሚመራው በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006ና በማሻሻያው ነው፤ የታክስ አስተዳደር አዋጁ የጉምሩክ ሕግን አይመለከትም። ለሐረር ተገልጋዮች ቅርብ የሆነው የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት በድሬዳዋ ይገኛል፤ የቅሬታ ጊዜውና መንገዱም ከዚያ ይጠየቃል።

በጉምሩክ አዋጁ የመጀመሪያው የግምት መሠረት በእርግጥ የተከፈለው ዋጋ ነው። ይህ ዋጋ ተቀባይነት ሲያጣ በቅደም ተከተል ወደ ተመሳሳይ ዕቃዎች ዋጋና ወደ ሌሎች ዘዴዎች ይኬዳል። በዚህ መስክ እርጅና የሚያስከትለው ውጤት ከአገር ውስጡ የተለየ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ ተሽከርካሪ ከአዲሱ ከፍ ያለ መጣኔ እንዲከፍል ስለሚያደርግ አሮጌ መኪና ማስገባት ታክሱን ያከብደዋል። በተጨማሪም መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ታሪካዊ መኪና ከውጭ ለማምጣት ያሰበ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መፈቀዱን በጽሑፍ ያረጋግጥ።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የውል ዋጋና የመንግሥት ግምት አለመጣጣም በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት በግለሰቦች መካከል ለተሸጠ ያገለገለ መኪና ታክሱ ከተገመተው የገበያ ዋጋ 80 በመቶ ባነሰ ዋጋ አይሰላም። ገዢው ግን ፈቃድ ያለው ነጋዴ ወይም የመድን ጉዳት ገማች መኪናውን አይቶ የሰጠውን የተረጋገጠ ግምት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካቀረበ በዚያ ግምት ይስተናገዳል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለሐረር ገዢም ይሠራል፤ በሰንጠረዥ የወጣን ዋጋ ሊለውጥ የሚችለው መኪናውን በአካል ያየ ባለሙያ የሰጠው፣ በጊዜው የቀረበ ጽሑፍ ነው።

የቅሬታ ደብዳቤ ናሙና

ቀን ................
ለ ................ (ውሳኔውን ለሰጠው መሥሪያ ቤት)
ጉዳዩ፦ በመኪና ዋጋ ግምት ላይ የቀረበ ቅሬታ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከዚህ በታች የተገለጸው አመልካች፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ........፣ የሻንሲ ቁጥሩ ........፣ የሞተር ቁጥሩ ........ የሆነ፣ በ........ (እ.ኤ.አ.) የተመረተ ........ ዓይነት መኪና በቀን ........ በተረጋገጠ ውል በብር ........ ገዝቻለሁ። መሥሪያ ቤቱ በቀን ........ በቁጥር ........ በሰጠውና በቀን ........ በደረሰኝ ውሳኔ መኪናውን ብር ........ ገምቶታል።

በግምቱ የማልስማማው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው፦ 1. ........ 2. ........ 3. ........

ስለዚህ የመኪናው ዋጋ ብር ........ ሆኖ፣ የቴምብር ቀረጡም ብር ........ ሆኖ እንዲሻሻል አመለክታለሁ። የማልከራከርበትን ብር ........ በደረሰኝ ቁጥር ........ ከፍያለሁ። መኪናው በአካል እንዲታይልኝም እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የውሳኔው ቅጂ፣ ውል፣ የባንክ ማስረጃ፣ የሊብሬ ቅጂ፣ የምርመራ ውጤት፣ የጋራዥ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፎች።

ፊርማ ................

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ለመሥሪያ ቤቱ ገቢ ሆኖ ሌላው ገቢ የሆነበት ቀንና የመዝገብ ቁጥር ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት በባለጉዳዩ እጅ ይቀራል። ይህ ቅጂ ቅሬታው በጊዜው ለመቅረቡ የመጀመሪያው ማስረጃ ስለሆነ እስከ ጉዳዩ ፍጻሜ ድረስ ከሌሎቹ ሰነዶች ጋር በጥንቃቄ ይቀመጥ።